የኮራል አኳሪየምን የሚወሩ ጠፍጣፋ ትሎች፦ ለጅማ ቤት የትኛው ማስወገጃ ይስማማል?

በጅማ የጨው ውኃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጨውም፣ መብራትም፣ ኮራልም (እንደ ተክል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው የባሕር እንስሳ) በሰው እጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ስለሚመጣ አንዱ ያሳደገውን ኮራል ቆርጦ ለሌላው ያካፍላል፤ ጠፍጣፋ ትልም ከቤት ወደ ቤት የሚዛወረው በዚሁ መንገድ ነው። ትሉ አንዴ ከገባ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ በምን ላጥፋው የሚል ሲሆን፣ መልሱ በቱቦ ከመሳብ፣ ትሉን የሚበላ እንስሳ ከማስገባት፣ ውኃው ውስጥ መድኃኒት ከመጨመር ወይም ኮራሉን አውጥቶ በመድኃኒት ከመንከር አያልፍም።

እነዚህን መንገዶች ትሉን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚገድሉ እየመዘኑ ማወዳደር የተለመደ ነው። እኔ ግን ለጅማ ባለ አኳሪየም መለኪያው ሌላ መሆን አለበት እላለሁ። ትሉን መግደል ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከባዱ የሞተውን ትል ከገንዳው ማውጣትና ሲሞት የሚለቀው መርዝ ዓሣውን ሳይጎዳ ውኃውን ማጥራት ነው። በከፍታው ምክንያት ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ በሆነበት፣ ኤሌክትሪክ በድንገት በሚቋረጥበትና ውኃ ለመቀየር የሚያስፈልገው የባሕር ጨው እንደልብ በማይገኝበት ከተማ፣ ማንኛውም ዘዴ መመዘን ያለበት ነገሩ ሳይሳካ ቢቀር ባለቤቱ ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ነው።

አስቀድሞ ትሉን መለየት

ጠፍጣፋ ትል ተብለው የሚጠሩት ፍጥረታት መልካቸው እንጂ ጸባያቸው አንድ አይደለም። ለአንዱ የሚሠራው መፍትሔ ለሌላው ምንም ላይፈይድ ስለሚችል፣ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጥቂት ቀን ጊዜ ወስዶ ገንዳውን መመልከት ይገባል።

በብዛት የሚያጋጥመው ቀይ ቡናማው ትል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮንቮሉትሪሎባ ሬትሮጀማ ከሚባለው ዝርያ ይመደባል። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የኋላ ጫፉም ሦስት ቦታ የተከፈለ ይመስላል። መብራቱ በርቶ ሳለ በድንጋዩ አናት፣ በአሸዋው ላይና በመስታወቱ ዳር በብዛት ሲሰፍር፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ቡና ሲቆላ የሚራገፈው ገለፈት ውኃው ውስጥ የተበተነ ይመስላል። ሰውነቱ ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ስለሚኖሩና እነርሱ ከብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ስለሚካፈል ብርሃን ይወዳል፤ ከዚህም ሌላ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትን አድኖ ይበላል። የሚራባው ከኋላው በሚያጎጠጉጥ አዲስ ትል ስለሆነ ተጓዳኝ አያስፈልገውም። በድንጋይ ሥር የተረፈ አንድ ትል ብቻ ገንዳውን እንደገና ሊሞላው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ቀይ ትል ኮራልን አይበላም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲበዛ ነው፤ ኮራሉን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክለዋል፣ ለዓሣ የሚሆኑትን ጥቃቅን ነፍሳት ይፈጃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ በብዛት ከሞተ ውኃውን ይመርዛል። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ ሁለት ሦስት ትል ማየት መድኃኒት ፍለጋ የሚያስሮጥ ጉዳይ አይደለም። ግራጫ ወይም ብርሃን አሳላፊ የሆኑና በመስታወቱ ላይ የሚንሸራተቱ ትንንሽ ትሎችም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ስለሌላቸው በዚያው ቢተዉ ይሻላል።

አክሮፖራ የሚባለውን ቅርንጫፋማ ኮራል የሚበላው ትል ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2011 አማኩሳፕላና አክሮፖሬ ተብሎ ተሰይሞ የነበረው ይህ ትል ዛሬ ፕሮስቲዮስቶሙም አክሮፖሬ ይባላል። የሚኖረው ራሱ በሚበላው ኮራል ላይ ነው፤ የበላው የኮራል ሥጋ በሰውነቱ ውስጥ ስለሚታይና ቆዳው አሳላፊ ስለሆነ፣ ኮራሉ ላይ ተለጥፎ ሳለ በዓይን መለየት እጅግ ያስቸግራል። የሚታየው ትሉ ሳይሆን ሥራው ነው፦ ቀለሙ እየደበዘዘ የሚሄድ ኮራል፣ በቅርንጫፉ ላይ የተበተኑ ክብ ነጣ ያሉ ትናንሽ ነጠብጣቦች፣ ከሥሩ በኩል ሥጋው የተገፈፈ አጽም። እርግጠኛ ለመሆን የተጠረጠረውን ኮራል ከገንዳው ውኃ ጋር በነጭ ሳህን ላይ አስቀምጦ መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ውኃ እየሳቡ ቅርንጫፎቹን በኃይል መርጨት ይበቃል። ትሉ ካለ ሞላላ የሆነ ስስ ቅርፊት መስሎ ሳህኑ ላይ ይወድቃል፤ መጀመሪያ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ጥቂት ቆይቶም ተዘርግቶ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በነጩ ሳህን ላይ የሚንቀሳቀስ ቅርፊት ካዩ ጥርጣሬው አበቃ ማለት ነው።

ሌላው ፖሊክላድ የሚባለው ትልቁ ጠፍጣፋ ትል ነው። መጠኑ በሴንቲ ሜትር የሚለካ ሲሆን ቀንድ አውጣዎችንና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎችን ይበላል፤ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ፈልጎ በመቆንጠጫ ከማውጣት በቀር ብዙ ማወዳደር የሚጠይቅ ነገር የለውም።

በቱቦ መሳብ

ለቀይ ትል ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ይህን ነው፤ ውድ ስላልሆነ ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ቢሳሳት ጉዳት የማያደርስ ብቸኛው ዘዴ ስለሆነ ነው። ለአየር ፓምፕ የሚያገለግለው ዓይነት ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋል። ወፍራም ቱቦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ውኃ ስለሚያወጣ ትሉ ሳያልቅ ውኃው ያልቃል፤ ቀጭኑ ግን በዝግታ ስለሚስብ እጅን ከትል ወደ ትል ለማዛወር ጊዜ ይሰጣል። የቱቦውን ጫፍ ከጠንካራ ቀጭን ዘንግ ጋር ማሰር ድንጋዩ ሥር ለመድረስ ይረዳል። ትሎቹ በብርሃን የሚሰበሰቡ በመሆናቸው ሥራው መደረግ ያለበት መብራቱ በርቶ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ ነው።

የጨው ዋጋ ለሚያሳስበው ሰው የሚወጣውን ውኃ ሁሉ መድፋት አያስፈልግም። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ በማንኛውም የልብስ ሱቅ የሚገኘው ስስ የናይለን የሴት ካልሲ በባልዲ አፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥፎ ቢወጠር ትሉን ያስቀራል፤ ያለፈው ውኃም በአክቲቬትድ ካርቦን (መርዝንና መድኃኒትን ከውኃ የሚመጥ የከሰል ዓይነት) አልፎ ወደ ገንዳው ሊመለስ ይችላል። ካልሲው ላይ የቀረውን ትል መጭመቅ ግን አይገባም፤ ሲፈርጥ የሚወጣው ፈሳሽ ተመልሶ ከሚገባው ውኃ ጋር ይቀላቀላል። በተረፈ ዓሣውን በልክ መመገብ፣ ውኃ የማይዘዋወርባቸውን ጥጋጥጎች በፓምፕ ማናፈስና የተከማቸውን ቆሻሻ ማንሣት የትሉን መራባት ያቀዘቅዘዋል።

የዚህ ዘዴ ድክመት ግልጽ ነው። ትሉን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም። ይሁን እንጂ መድኃኒት ለመጠቀም የወሰነ ሰው እንኳ ከዚህ ሥራ አያመልጥም፤ ከመድኃኒቱ በፊት በቱቦ የወጣ እያንዳንዱ ትል በመድኃኒቱ ቀን ውኃውን ከሚመርዙት ላይ የተቀነሰ ነው።

ትሉን የሚበላ እንስሳ ማስገባት

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሲክስላይን ሬስ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው፤ በጎኑ ላይ ስድስት ሰማያዊ መስመሮች አሉት። ቢጫው ሬስና ሜላኑረስ ሬስም እንዲሁ ይመከራሉ። እነዚህ ዓሦች ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን እየፈተሹ ጥቃቅን ነፍሳትን ስለሚለቅሙ ትሉንም አብረው ሊበሉት ይችላሉ። ሊበሉት ይችላሉ ማለት ግን ይበሉታል ማለት አይደለም። አንዱ ሲክስላይን ገንዳውን ሲያጸዳ፣ ሌላው ትሉ አፍንጫው ሥር እያለፈ ዞር ብሎ የማያየው አለ፤ ከመግዛት በፊት የትኛው እንደሆነ ማወቂያ መንገድ የለም።

ዓሣው ከተገዛ በኋላ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ነዋሪ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ሲክስላይን በትንሽ ገንዳ ውስጥ ካደገ በኋላ አዲስ የሚገቡ ዓሦችን ማሳደድ ይቀናዋል። ቢጫውና ሜላኑረሱ ሌሊት አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ስለሚያድሩ በቂ አሸዋ ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ከገንዳ ዘለው የሚወጡ በመሆናቸው ክዳን ግድ ነው። ማንዳሪን የሚባለውን ውብ ዓሣ ለትል ብሎ መግዛት ግን አልደግፍም፤ ያለማቋረጥ ሕያው ጥቃቅን ነፍሳት የሚፈልግ ዓሣ በመሆኑ ትሉ እነዚያኑ ነፍሳት ባሟጠጠበት ገንዳ ውስጥ ማስገባት በረኀብ እንዲሞት መፍረድ ነው።

ቼሊዶኑራ ቫሪያንስ የተባለው ጥቁር ሰማያዊ የባሕር ቀንድ አውጣ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ምግቡ ጠፍጣፋ ትል ብቻ ስለሆነ ይበላዋል አይበላውም የሚለው ጥርጣሬ እርሱን አይመለከተውም። ችግሩም ያው የምግቡ ውስንነት ነው፤ ትሉን ሲጨርስ የሚበላው ያጣና ይሞታል፣ ስስ ሰውነቱም በፓምፕ በቀላሉ ይጠባል። ብዙ ገንዳዎች በአንድ ከተማ ባሉበት አገር ከቤት ወደ ቤት እየተዋዋሱ ማኖር ይቻል ይሆናል። ለጅማ ግን እስከ 350 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የመኪና መንገድ አቋርጦ በሕይወት የሚደርስበት ዕድል ጠባብ ስለሆነ ከምርጫዬ ውጪ አድርጌዋለሁ።

በውኃው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት

ለቀይ ትል ተብሎ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ዝነኛው የሳሊፈርት ፍላትወርም ኤግዚት ነው። ጥቅሙ መጠኑ ለአኳሪየም ተብሎ የተወሰነ መሆኑ ነው። ከተጨመረ በደቂቃዎች ውስጥ ትሎቹ ከድንጋዩ እየተላቀቁ መንሳፈፍ ይጀምራሉ። በመመሪያው መጠን ኮራልንና ዓሣን ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በአንድ ጊዜ የሞተው የትል ክምችት ነው። በዚህ መድኃኒት ዓሣ ሞተብኝ የሚል ሰው ሲያጋጥም ከመድኃኒቱ በፊት ምን ያህል ትል በቱቦ እንዳወጣና ካርቦኑን መቼ እንደከተተ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ይገልጠዋል። አክሮፖራ የሚበላውን ትል በተመለከተ ግን በዚህ መድኃኒት በመደበኛ መጠኑ መተማመን አይቻልም።

ጠርሙሱን ከውጭ የሚያመጣ ሰው ያጣ ባለ አኳሪየም ዓይኑ የሚያርፈው በከተማው የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ላይ ነው። ሌቫሚሶል የተባለው የከብትና የበግ የሆድ ትል መድኃኒት በአኳሪየም ሰዎችም ዘንድ ለጠፍጣፋ ትል እንደሚያገለግል ይታወቃል፤ የትሉን ጡንቻ አደንዝዞ ይዞ ከቆመበት እንዲላቀቅ ያደርገዋል። በአገራችን በስፋት የሚገኘው ግን ቴትራሚሶል ሲሆን፣ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል፦ ቴትራሚሶል የሁለት ተመሳሳይ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው፤ ትሉን የሚያጠቃው በውስጡ ያለው ግማሹ፣ ማለትም ሌቫሚሶሉ ነው። አንዳንዱ የእንስሳት ኪኒን ደግሞ ሌቫሚሶልን ለጉበት ትል ከሚሰጠው ኦክሲክሎዛናይድ ጋር ቀላቅሎ የያዘ ስለሆነ ጽሑፉን ሳያነቡ መግዛት አደገኛ ነው። በዚህ ላይ ኪኒኑ ማያያዣ ዱቄትና ማቅለሚያ አለው፤ በላዩ የተጻፈውም መጠን ለከብት ክብደት እንጂ ለሊትር ውኃ አይደለም።

በእኔ አስተያየት የከብት ኪኒን ፈጭቶ ዋናው ገንዳ ውስጥ መጨመር ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው። በሰፊው ገንዳ ውስጥ የተሳሳተ መጠን የሚታረምበት ጊዜ የለም። ጅማ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሚሊ ግራም በሚለካ ሚዛን የሚሠራ ባለሙያ ፈልጎ ማማከር ይቻላል፤ ንጹሑ ሌቫሚሶል ቢገኝ እንኳ የሚገባው ሥራ ከዚህ በታች በምገልጸው የመንከሪያ ዕቃ ውስጥ ነው።

ፕራዚኳንቴልን የሚያነሱም አሉ፤ የቢልሃርዚያ መድኃኒት በመሆኑ ስሙ በአካባቢያችን የታወቀ ነው። ይህ መድኃኒት በአኳሪየም የሚያገለግለው በዓሣ ቆዳና ስንጥብ ላይ ለሚጣበቁት ጥገኛ ጠፍጣፋ ትሎች ነው። ዓሣው ሰውነቱን በድንጋይ ላይ ካሻሸ፣ ዓይኑ ከደፈረሰና ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ሊታሰብ ይገባል። በድንጋይ ላይ ለሚኖረው ቀይ ትል ግን አይታመንበትም። እንዲያውም ቀዩ ትል አሲል ከሚባል ወገን ነው፤ ቀድሞ ከጠፍጣፋ ትሎች ጋር ይቆጠር እንጂ የዘረ መል ጥናት የተለየ የዘር ሐረግ እንዳለው ስላሳየ፣ የጠፍጣፋ ትል መድኃኒት ሁሉ ይገድለዋል ብሎ መነሣት ልክ አይሆንም። ለቡናና ለአትክልት የሚረጩ ፀረ ተባዮችን ስለመሞከር የሚሰማው ወሬም መስማት እንጂ መሥራት የለበትም፤ ሽሪምፕንና ሸርጣንን ፈጅተው በድንጋዩ ውስጥ ይቀራሉ።

አውጥቶ መንከር

አክሮፖራ ለሚበላው ትል ሌላ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል። ኮራሉ ከገንዳው ወጥቶ፣ የገንዳው ውኃና መድኃኒቱ በተቀላቀለበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይቆያል፤ በዚያን ጊዜ በሲሪንጅ ውኃ እየረጩ ትሉን ማራገፍ ያስፈልጋል። ለመንከሪያነት ኮራል አርኤክስን የመሰለ ለዚሁ የተዘጋጀ ፈሳሽ፣ በአዮዲን ላይ የተመሠረተ ወይም ሌቫሚሶል መጠቀም የተለመደ ነው። ለአክሮፖራ ትል አዮዲኑ ከሦስቱ ደካማው ነው፤ ዋና ጥቅሙ ቁስልን ማጽዳት ነው። ለዚሁ የተዘጋጀው ፈሳሽ ቢወደድም የመጠን ጥርጣሬ ስለሌለው ጀማሪ ከእርሱ ቢነሣ ይሻለዋል። ከመድኃኒቱ የወጣው ኮራል ወደ ገንዳው ከመመለሱ በፊት በሁለት ዕቃ ንጹሕ የጨው ውኃ መታጠብ አለበት፤ የመንከሪያው ውኃ ጠብታ እንኳ ወደ ገንዳው መመለስ የለበትም።

አንዱም መንከሪያ የማይደርስበት ነገር እንቁላሉ ነው። ትሉ የሚጥለው በሕያው ሥጋ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ በተራቆተው አጽም ላይ ነው፤ ቡናማ ወርቅማ የሆኑ ጥቃቅን ነጥቦች ተጠጋግተው እንደ አንድ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፈው ይታያሉ። በጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ወይም በቢላ ጫፍ መፋቅ፣ የማይደረስበትንም በሱፐር ግሉ መሸፈን ያስፈልጋል፤ የሞተው አጽም ሰፊ ከሆነ ጤናማውን ቅርንጫፍ ቆርጦ በአዲስ መሠረት ላይ ማጣበቅና አሮጌውን መጣል ይሻላል። በተለመደው የኮራል ገንዳ ሙቀት እንቁላሉ ለመፈልፈል ሦስት ሳምንት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል፣ ውኃው ሲቀዘቅዝም ይበልጥ ስለሚዘገይ፣ መንከሩ በየሳምንቱ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት መደጋገም አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ የጅማ ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ ማሞቂያው ደካማ የሆነ ገንዳ ከዚህም በላይ ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። ትሉ የሚኖረው በአክሮፖራ ላይ ስለሆነ ሁሉንም አክሮፖራ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሮ ዋናውን ገንዳ ባዶ ማቆየት ከተቻለ ሥራው እጅግ ይቀላል፤ ኮራሉ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ካደገ ግን መስበር ሊያስፈልግ ነው፤ ይህን ለማድረግ የሚያመነታ ሰው ትሉን በዚያው እያባዛ መሆኑን ማወቅ አለበት።

የትኛው ለየትኛው ቤት

ከ100 ሊትር የማይበልጥ ገንዳ ያለውና ቀይ ትል ያየ ሰው ከቱቦው ሌላ ነገር መፈለግ የለበትም። በትንሽ ውኃ ውስጥ የትል መርዝ ቶሎ ስለሚበረታ መድኃኒቱ ከትሉ ይልቅ ያሰጋዋል፤ ሬስ ለማስገባትም ቦታው አይበቃም። በሳምንት ሁለት ጊዜ በትዕግሥት የሚስብ ሰው ትሉን ለዓይን በማይታይ መጠን ሊይዘው ይችላል፤ በዚያ መጠን አብሮ መኖር ደግሞ ነውር የለውም።

200 ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ክዳን ያለውና ዓሣው ገና ያልሞላ ገንዳ ከሆነ ቱቦውንና አንድ ሬስን አጣምሮ መጀመር ከመድኃኒት የተሻለ ነው። ዓሣው ትሉን ባይበላ እንኳ የጠፋው ገንዘብ እንጂ ገንዳው አይደለም። በካፌ ወይም በሆቴል ሳሎን ውስጥ የቆመ ትልቅ ገንዳ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ድንጋዩ ብዙ፣ ትሉም በሺህ የሚቆጠር ስለሚሆን ቱቦው ብቻውን ላይወጣው ይችላል፤ እንዲህ ዓይነት ቦታ ብዙውን ጊዜ ጀነሬተር ስላለው የመድኃኒቱ መንገድ እዚህ ተገቢ ነው። ጀነሬተርም ሆነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የሌለው ሰው ግን ትሉ የቱንም ያህል ቢያስጠላው ያንን ሳያሟላ ጠርሙሱን መክፈት የለበትም።

አክሮፖራ የሚበላው ትል የተገኘበት ቤት ምርጫው መንከር ብቻ ነው፤ ጥያቄው መንከር ወይስ አለመንከር ሳይሆን ስድስት ሳምንት የሚያስቆየውን ሥራ መጀመር ወይስ ኮራሉን መጣል ነው። አንድ ሁለት ትንንሽ ቅርንጫፍ ብቻ ላለው ሰው መጣሉን ሳላቅማማ እመክራለሁ።

የመድኃኒቱ ቀን

ወደ መድኃኒት የሚያመራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ስለ አየር ነው። በባሕር ጠረፍ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በጅማ ከፍታ የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚቀንስ ያው ውኃ የሚይዘው 5.5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። የሞተ ትል ሲበሰብስ ይህንኑ ይሻማል። ስለዚህ የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕና የአየር ድንጋይ (አየሩን በጥቃቅን አረፋ የሚበትነው) ከመድኃኒቱ በፊት መሥራት ጀምረው ማደር አለባቸው፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚተካቸው የባትሪ ፓምፕም ተሞክሮ አጠገብ መቀመጥ አለበት። በክረምት ነጎድጓድ በሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ይህን ሥራ መጀመር አያስኬድም፤ ጠዋት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ገንዳው አጠገብ መዋል የሚቻልበት ቀን ይመረጥ።

ለ200 ሊትር ገንዳ ቢያንስ 50 ሊትር የጨው ውኃ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ ሞቆና በፓምፕ ሲናወጥ አድሮ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ይህ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ የባሕር ጨው ይጠይቃል። ጨው አነሰኝ ብሎ የወጥ ጨው ወይም አሞሌ መጨመር አይሠራም፤ ኮራል የሚፈልገው ካልሲየምና ማግኒዥየም በሚገባው መጠን የለውም። ውኃው በማጣሪያ ከተጣራ የቧንቧ ውኃ ቢሆን ይመረጣል። በጅማ ዝናብ እያለ ለምን ይከፈላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውኃ ዚንክ ስለሚይዝ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

በዋዜማው በቱቦ ሊወጣ የሚችለው ትል ሁሉ ይውጣ። በማግስቱ መብራቱ ከበራና ትሎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ካርቦኑ ከማጣሪያው ወጥቶ መድኃኒቱ በመመሪያው መጠን፣ የድንጋዩና የአሸዋው ቦታ ተቀንሶ በሚቀረው የውኃ መጠን ተሰልቶ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ መቀመጥ የለም። ትሎቹ እየተጠቀለሉ ሲላቀቁ በቱቦና በስስ መረብ እየተከታተሉ ማውጣት፣ በዚያው የዓሦቹን ስንጥብ መመልከት ያስፈልጋል። ዓሣ በውኃው ገጽ አፉን ከፍቶ መተንፈስ ከጀመረ ወይም ሚዛኑን ስቶ ከተጋደመ ትሉ አለቀ አላለቀ ሳይባል የተዘጋጀው ውኃ ይቀየር፣ አዲስ ካርቦንም በብዛት ይግባ። ሁሉም በሰላም ቢያልፍ እንኳ በመመሪያው የተወሰነው ጊዜ ሲያበቃ ውኃው ይቀየራል፤ ካርቦኑም ይከተታል፤ በማግስቱም በሌላ ይለወጣል። ፕሮቲን ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ ከውኃው የሚለይ መሣሪያ) ያለው ሰው በዚያን ቀን ጽዋው ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላ ፈጥኖ ይድፋ።

የተረፉ ትሎች መኖራቸው የሚታወቀው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሲታዩ ሁለተኛ ዙር ማድረግ ይገባል፤ በዚያን ጊዜ የትሉ ብዛት ጥቂት ስለሚሆን ሥጋቱም ያንሳል። መጠኑን በግማሽ ቀንሶ እየደጋገሙ መጨመር ግን ጠንካራውን ትል ከማስቀረት በቀር ጥቅም የለውም።

አዲስ ኮራል ከጓደኛ ሲገኝ የተጣበቀበት ድንጋይ ወይም መሠረት ተነቅሎ ቢጣልና ኮራሉ ብቻ ተነክሮ ቢገባ አብዛኛው እንቁላል ከበር ይመለሳል። ለአክሮፖራ ይህም አይበቃም፤ ማሞቂያና አንድ ትንሽ ፓምፕ ባለው 20 ወይም 30 ሊትር ዕቃ ውስጥ፣ ከላይ በተጠቀሰው የስድስት ሳምንት ልክ በየሳምንቱ እየተነከረ መቆየት አለበት። የሰጪው ገንዳ ንጹሕ ነው ቢባልም ዕቃው አይቀርም፤ ሰጪውም ትሉን ላያውቀው ይችላልና።